ምላጩን የሚመርጠው ማቴሪያሉ ነው፦ «ለሞዴል ሥራ አንድ ከተር ይበቃል» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩ። ርዕሱ «ለሞዴል ሥራ አንድ ከተር ይበቃል» ይላል፤ ሞዴል የተባለው ከካርቶንና ከመሰል ነገር የሚሠራው ትንሽ የሕንፃ አምሳያ ነው። የላከችልኝ ልደታ ግቢ ሥነ ሕንፃ የምትማር የጎረቤቴ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በስልክ ልመልስላት ጀምሬ ነበር። ነገሩ ግን በስልክ የሚያልቅ አልሆነም።

ጽሑፉ ላልደረሰው ሰው ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ። እጁ የተካነ ሰው ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በገዛው አንድ ከተር (ምላጩ እየተገፋ በሚወጣው መቁረጫ) ሁሉን ይሠራል። የተሻለ የሚፈልግ የቀዶ ጥገና ምላጭ ይግዛ፤ ከእሱ በላይ ስለት የለም። ሲገዛም የማይዝገውን ይምረጥ። የደነዘ ምላጭ ሰብሮ መጣል ብክነት ስለሆነ በሞረድ ይሳል፤ ፈጽሞ ካረጀ በወረቀት ተጠቅልሎ ቆሻሻ ውስጥ ይጣል። ሲቆረጥ መስታወት ላይ ይሁን። ደግሞም ሌዘር (በጨረር የሚቆርጥ ማሽን) በመጣበት ዘመን ስለ ምላጭ መጨነቅ ጊዜ ማጥፋት ነው። ማሳረጊያቸው «ልዩ ምላጭ አዲስ አበባ ውስጥ አይገኝም» የሚል ነው።

እኔ አራዳ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ማታ ማታና ቅዳሜ እሑድ የድሮ የፒያሳ ቤቶችን ሞዴል በ1፡50፣ ማለትም ሃምሳ ጊዜ አሳንሼ፣ እሠራለሁ። የእንጨት በረንዳቸውን፣ የቆርቆሮ ጣሪያቸውን፣ የውጭ ደረጃቸውን። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬ ቦታቸው ላይ የሉም። ስለዚህ የአንድ መስኮት ጠርዝ ጥራት ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበትን አስቀድሜ ልናገር። ጀማሪ ሰው ብዙ ዓይነት ምላጭ የታጨቀበት ሳጥን መግዛት የለበትም። ግማሹን ሳይነካው ዓመታት ያልፋሉ። እጅ በልምምድ እንደሚሰላም እስማማለሁ። ከዚህ ውጭ ባለው በአብዛኛው ግን አልስማማም።

«አንድ ከተር ለሁሉም ይበቃል» ከሚለው ልጀምር። ዋናው ክርክሬ ያለው እዚህ ነው።

ማቴሪያል ሁሉ በአንድ መንገድ አይለያይም። ካርቶን በስለት ይቆረጣል። ፕሌክሲግላስ፣ መስታወት የሚመስለው ፕላስቲክ፣ ተፍቆ ይሰበራል። እንጨት ቃጫውን ተከትሎ ይሰነጠቃል፤ ቃጫውን አቋርጦ ግን መጋዝ ይፈልጋል። የናስ ላሜራም እንደዚያው መጋዝ ይፈልጋል። እኔ ምላጭ ከማንሣቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ይህ ነገር ለሁለት የሚለየው እንዴት ነው? መልሱን ካገኘሁ ምላጩ ራሱ ይመጣል።

ካርቶን ላይ ከተር ትክክለኛ መሣሪያ ነው። ግን የትኛው ከተር? ሱቅ ውስጥ በብዛት ያሉት ሁለት ስፋቶች ናቸው፤ ባለ 9 ሚሊ ሜትር እና ባለ 18 ሚሊ ሜትር። ጠባቡ 0.38 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ሰፊው 0.5 ገደማ ነው። ልዩነቱን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ካርቶኑ ግን ይለየዋል። ምላጭ ሲታሰብ ሽብልቅ ነው። ሲገባ ካርቶኑን ግራና ቀኝ ይገፋል። የወፈረው የበለጠ ይገፋል። በ1፡50 አንድ ሜትር የነበረ መስኮት 2 ሳንቲ ሜትር ነው። ያንን በሰፊው ከተር ስቆርጥ አራቱም ጥጎች ይጨፈለቃሉ። በጠባቡ ስቆርጥ ጥጎቹ እንደተሳሉ ይቀራሉ።

የጫፉም ማዕዘን አለ። የተለመደው የከተር ምላጭ ጫፉ 60 ዲግሪ ግድም ነው። ባለ 30 ዲግሪ የሚባል ሹል ዓይነትም አለ። ለመሬት ሞዴል ኮንቱር (የመሬቱን ከፍታ የሚያሳይ ጠመዝማዛ መስመር) የሚቆርጡ ተማሪዎች ይህን ቢያውቁ ብዙ ይገላገላሉ። ሹሉ ጫፍ በጠመዝማዛ መስመር ላይ ይታዘዛል። የተለመደው ጫፍ ግን መዞሪያው ላይ ካርቶኑን ይጎትታል። በእርግጥ ሹሉ ቶሎ ይሰበራል። ስለዚህ ለቀጥታ ቁረጣ አላባክነውም።

ባለ 2 ሚሊ ሜትር ካርቶን በአንድ ጉልበት አይቆረጥም። የመጀመሪያው ጭረት መንገድ ማሳያ ነው። እጅን አቅልሎ፣ ማስመሪያውን አጥብቆ። ከዚያ በዚያው መስመር አራት አምስት ጊዜ መመላለስ። ማስመሪያው የብረት ይሁን። ፕላስቲኩን ምላጩ እየላጠው መስመሩን ያስታል።

ፎም ቦርድ ሌላ ጠባይ አለው። ላይና ታቹ ወረቀት፣ መሐሉ ፎም ነው። ምላጩን ቀጥ አድርጎ ያቆመ ሰው ፎሙን ይቦጫጭቀዋል። መፍትሔው ምላጩን ረዘም አድርጎ አውጥቶ፣ አጋድሞ መጎተት ነው። ያኔ ጫፉ ብቻ ሳይሆን የስለቱ ርዝመት ይሠራል፤ ዳቦ ስንቆርስ ቢላዋውን እንደምናንሸራትተው። ምላጩ ትንሽ እንኳ ከደነዘ የላዩ ወረቀት ንጹሕ ሆኖ ውስጡ ፎም ይበጣጠሳል። ተማሪዎች «ፎሙ ጥራት የለውም» ሲሉ እሰማለሁ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የምላጩ ነው።

አሁን ወደ ፕሌክሲግላስ ልምጣ። ተራ የከተር ምላጭ ፕላስቲክን አያነሣውም። ወደ ጎንና ጎን ይገፋዋል። በጭረቱ ዳርና ዳር ቀጭን ጉብታ ይነሣል፤ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ጭረቱም ስለማይጠልቅ ሊሰበር ሲሞከር መስመሩን ይስታል። የአንድ ቤት ባለ መስታወት በረንዳ ስሠራ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ፕሌክሲግላስ በከተር ለመቁረጥ ሞክሬ ነበር። ሦስት ቁራጭ አበላሸሁ። አራተኛውን ይዤ ማስታወቂያ የሚሠሩ ልጆች ጋ ሄድኩ። አንዱ ከኪሱ ጫፉ እንደ ወፍ ምንቃር የታጠፈ ምላጭ አወጣ። ወደ ራሱ ሲጎትተው ፕላስቲኩ እንደ ቀጭን ክር እየተጠቀለለ ይወጣል። የውፍረቱን ሲሶ ያህል እስኪደርስ ደጋግሞ ፋቀው። ከዚያ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርጎ ተጫነው። ቀጭ! አለና ተለያየ። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነበር። እጁ ከእኔ እጅ ስለበለጠ አይደለም። የያዘው ምላጭ ለዚያ ማቴሪያል የተሠራ ስለሆነ ነው።

እንጨት ላይ ደግሞ እንሂድ። የበረንዳ አጥር ቋሚዎችን ከስቴኪኒ ነው የምሠራው። ስቴኪኒን በምላጭ ከላይ ተጭኖ መቁረጥ ጫፉን ይጨፈልቀዋል፤ ቁራጩም ተፈናጥሮ አልጋ ሥር ይገባል። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ስቴኪኒውን ከምላጩ ሥር እያንከባለሉ ዙሪያውን መጫር ነው። ሌላው ቀጭን መጋዝ ነው፤ በአንድ ኢንች ውስጥ 40 ወይም 50 ጥርስ ያለው። ኮምፔንሳቶ ደግሞ ለከተር ጨርሶ አይመችም። ንብርብሮቹ ቃጫቸው እየተሻገረ የተለጠፈ ነው። ምላጩ የአንዱን ንብርብር ቃጫ ሲከተል በሌላው ላይ ይስታል።

ለናስ ላሜራ መልሱን ያገኘሁት ከፒያሳ ወርቅ ሠሪዎች ነው። እነሱ ክር የመሰለች መጋዝ አለቻቸው። በቅስት ብረት ላይ ተወጥራ ትታሰራለች። ጥርሶቿ ወደ እጀታው እንዲያዩ ተደርጋ ነው የምትገባው፤ የምትቆርጠው ስትጎተት ነውና። አንድ አዛውንት ወርቅ ሠሪ አጠገባቸው አስቀምጠው አሳዩኝ። ከላሜራው ውፍረት ላይ ቢያንስ ሦስት ጥርስ ማረፍ አለበት አሉኝ። ከዚያ ካነሰ መጋዟ ትነክሳለች፤ ወዲያው ትበጠሳለች። ይህን ምክር ካገኘሁ ወዲህ የመስኮት ፍርግርግ ከናስ መሥራት ጀመርኩ። በከተር የሚታሰብ አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ የቀዶ ጥገና ምላጭ ነው። ስለቱ እውነት ነው። እኔም ያለ እሱ አልሠራም። ግን «ከሁሉ የተሳለ» ማለት «ለሁሉ የሚሆን» ማለት አይደለም።

ይህ ምላጭ የተሠራው ለለስላሳ ሥጋ ነው። ምላጩ ከእጀታው ተነጥሎ እንዲለወጥ የሚያደርገውን አሠራር ሞርጋን ፓርከር የተባለ አሜሪካዊ በ1915 እ.ኤ.አ. በፓተንት አስመዘገበ። ሐኪሙ ከመሳል ይልቅ አዲስ ምላጭ እንዲሰካ ነው የታሰበው። ለሞዴል ሠሪ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ነገር ግን ምላጩ ቀጭንና ተጣጣፊ ነው። ወፍራም ካርቶን ውስጥ ገብቶ ትንሽ ሲጠመዘዝ ጫፉ ይሰበራል። የተሰበረችው ጫፍ የት እንደምትሄድ አይታወቅም። መነጽር ሳላደርግ አልነካውም።

ቁጥሮቹን ማወቅ ይጠቅማል። ቁጥር 11 ቀጥ ያለ ስለትና ሹል ጫፍ አለው፤ ለመስኮትና ለጥግ ነው። ቁጥር 10 ሆዱ የዞረ ነው፤ ለመላጨትና ለመፋቅ ይመቻል። ቁጥር 15 እንደ 10 የዞረ ሆኖ ትንሽ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚገቡት ቁጥር 3 እጀታ ላይ ነው። ቁጥር 4 እጀታ ከ20 ጀምሮ ላሉት ትልልቆቹ ነው። ይህን ሳያውቁ እጀታውን ለብቻ፣ ምላጩን ለብቻ የገዙ ብዙ ናቸው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ኤክስ-አክቶ የሚባለው የሞዴል ሠሪዎች ቢላም የራሱ «ቁጥር 11» አለው። ስማቸው አንድ ነው፤ አሠራራቸው ግን ይለያያል። የሕክምናው ምላጭ ቀዳዳ ስላለው እጀታው ላይ ተንሸራቶ ይገባል። የኤክስ-አክቶው በእጀታው አፍ ውስጥ ተሰክቶ በማዞሪያ ይጠበቃል። አንድ ዘመዴ ከአሜሪካ ሲመጣ «ቁጥር 11 ምላጭ» ብዬ አዘዝኩት። መቶ ምላጭ ይዞልኝ መጣ። አንዱም እጀታዬ ላይ አልገባም። ስለዚህ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ቁጥሩን ብቻ አይናገር። የእጀታውን ፎቶ ይላክ።

የሕክምናውን ምላጭ ስታወጡና ስታስገቡ በጣት አትያዙ። ፒንሳ ተጠቀሙ፤ ጀርባውን ይዛችሁ፣ ከሰውነታችሁ አርቃችሁ።

ስለማይዝገው ምላጭ ብዙ አልልም። በጥቅሉ የካርቦን ብረት ምላጭ የበለጠ ስለት ይቀበላል፤ ስለቱንም ይዞ ይቆያል። ግን ይዝጋል። የማይዝገው ለሐኪም ቤትና ለውኃ ሥራ ይመቻል። የእኛ ካርቶን ደረቅ ነው። ምላጩም ሳይዝግ በፊት ደንዝዞ ይጣላል። ለክረምት ብቻ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨርቅ ላይ አድርጎ ማበስ ይበቃል። ካርቶን ከመንካቱ በፊት ግን ዘይቱ ይጠረግ፤ ያቆሽሻል።

«ሰብሮ መጣል ብክነት ነው» ለሚለው ግን ቆም ብዬ መመለስ እፈልጋለሁ። ከተር የተፈለሰፈው ለመሰበር ነውና። በ1956 እ.ኤ.አ. ኦሳካ፣ ጃፓን ውስጥ ዮሺዮ ኦካዳ የተባለ ሰው በወረቀት ቁረጣ ሥራ ላይ ነበር። የምላጩ ጫፍ ብቻ እየደነዘ ሙሉው ይጣላል። ይህ አሳሰበው። ጫማ ሠሪዎች የተሰበረ መስታወት ጠርዝ ሲጠቀሙ፣ ሲደነዝም ሰብረው አዲስ ስለት ሲያወጡ አስታወሰ። በመስመር የሚሰበረውን ቸኮሌትም አሰበ። ሁለቱን አገናኝቶ እየተሰበረ የሚታደስ ምላጭ ሠራ። ኦልፋ የተባለው ስም ራሱ በጃፓንኛ «የሚሰበር ምላጭ» ከሚለው የመጣ ነው። ሐሳቡ በሙሉ ብክነትን ለመቀነስ ነበር።

በሞረድ መሳልስ? ሞረድ ለመጥረቢያና ለማጭድ ነው። የዚህን ቀጭን ምላጭ ጠርዝ ይገጥበዋል። የተገጠበ ጠርዝ ካርቶኑን አይቆርጥም፤ ይገነጥላል። በግራ አመልካች ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ ከተሳለ ምላጭ አልመጣም። ከደነዘ ምላጭ ነው የመጣው። ሲደነዝ ጉልበት ጨመርኩ። ጉልበት ስጨምር ከማስመሪያው ላይ ሸሸ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት የምላጭ ቁራጭ ቆጥቤ አላውቅም።

መቼ እንደምሰብር የሚነግረኝ ድምፁ ነው። የተሳለ ምላጭ ካርቶን ላይ ሹክሹክታ ነው ያለው። ሲደነዝ መንጨርጨር ይጀምራል። የወረቀቱ ጠርዝም ፀጉር ያወጣል። በሁለቱ ምልክቶች መሐል ያለው ጊዜ አጭር ነው። ሲሰበርም በእጅ አይደለም፤ በፒንሳ፣ ወይም ከተሩ ጀርባ ላይ ባለው ስንጥቅ።

መስታወት ላይ መቁረጥ ቀጭን ቴፕ ለመቁረጥ ጥሩ ነው። እዚያ ላይ ጸሐፊውን እደግፋለሁ። ለሌላው ግን ምላጩን በደቂቃዎች ይገድለዋል። ጫፉ ካርቶኑን ጨርሶ መስታወቱን ሲነካ ይጣመማል። መስታወቱም ምላጩን አይዝም፤ ያንሸራትታል። አረንጓዴው የመቁረጫ ምንጣፍ፣ ባለ ኤ3 መጠኑ፣ ዓመታት ያገለግላል። ፕላስቲክ ስለሆነ ሙቀት አይችልም። ጀበና አይረፍበት፤ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥርም አይቀመጥ። አንዴ ከተጣመመ አይቃናም።

ሌዘርን በተመለከተ ጸሐፊው የማሽኑን ችሎታ አላጋነኑም። ሃምሳ አንድ ዓይነት መስኮት ለሚፈልግ ሰው እኔም ሌዘር እመክራለሁ። ግን ሌዘር እያቃጠለ ነው የሚቆርጠው። የካርቶንና የእንጨት ጠርዝ ቡናማ ይሆናል። ነጭ ሞዴል ለሚሠራ ተማሪ ያ ጠርዝ መፋቅ አለበት፤ በምን? በምላጭ። እነዚህ ሱቅ ውስጥ ያሉት ማሽኖች የሚቆርጡት ቀጥ ብለው ነው። ሁለት ግድግዳ ጥግ ላይ ሲገናኝ መጋጠሚያው እንዳይታይ 45 ዲግሪ መቆረጥ አለበት። እሱ የእጅ ሥራ ነው። ፒቪሲ ፕላስቲክ ደግሞ ሌዘር ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። ሲቃጠል ሳንባ የሚጎዳ፣ ማሽኑንም የሚበላ የአሲድ ጋዝ ያወጣል።

ለእኔ ግን ትልቁ ምክንያት ሌላ ነው። ሌዘር ያለቀ ሥዕል ይፈልጋል። እኔ የምሠራቸው ቤቶች ፕላን የላቸውም። ያለኝ አንድ ሁለት ፎቶግራፍ፣ የራሴ ትዝታና የአሮጊት ጎረቤቶች ቃል ነው። «በረንዳው እኮ ከበሩ በላይ አልነበረም፤ ወደ ግራ ነበር» ይሉኛል። ያንን የሰማሁ ማታ ካርቶኑን አንሥቼ እቆርጣለሁ፤ እለካለሁ፤ እንደገና እቆርጣለሁ። ቤቱ የሚታወሰኝ እየቆረጥኩ ነው። ያንን ፋይል አድርጌ ለማሽን መላክ አልችልም።

«አዲስ አበባ ውስጥ አይገኝም» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። እኔ የምጠቀምበትን ሁሉ ያገኘሁት በእግሬ ከፒያሳ እስከ መርካቶና ጥቁር አንበሳ ባለው ክልል ውስጥ ነው። ባለ 9 ሚሊ ሜትሩን ከተር ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ። የሕክምናውን ምላጭና ቁጥር 3 እጀታ የሕክምና ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ። ባለ ምንቃሩን ፕሌክሲግላስ ከሚሸጡ ነጋዴዎች። የክር መጋዟን ወርቅ ሠሪዎቹ ዕቃቸውን ከሚገዙበት። ሁሉን በአንድ ቀን አላገኘሁም። ሱቁ ገብቶ «ልዩ ምላጭ አለ?» ያለ ሰው «የለም» ይባላል። ፕሌክሲግላስ ልቁረጥ ነው ብሎ፣ ቁራጩን ይዞ የሄደ ሰው ግን ባለሱቁ ራሱ ፈልጎ ያመጣለታል።

አንድ ነጥብ ቀረኝ፤ በወረቀት ጠቅልሎ መጣል የሚለው። ይህን ጸሐፊው እንዲያርሙልኝ ከልቤ እለምናለሁ። በሰፈራችን ቆሻሻ የሚሰበስቡት እናቶችና ወጣቶች ናቸው። ከረጢቱን በእጃቸው ያነሣሉ፤ በእጃቸው ይጭናሉ፤ በእጃቸው ይለያሉ። ወረቀት ምላጭን አይዝም። ከረጢቱ ሲነሣ ስለቱ በፌስታሉ ወጥቶ መዳፍ ያገኛል። እኔ የወተት ዱቄት ጣሳ አስቀምጫለሁ። ክዳኑ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለው። የተሰበረች ቁራጭ ሁሉ፣ ጥፍር የምታህለው እንኳ፣ በዚያች ስንጥቅ ትገባለች። ጣሳው ሲሞላ ክዳኑን በፕላስተር ዙሪያውን አሽገዋለሁ። ላዩ ላይ በትልቁ «ምላጭ» ብዬ እጽፋለሁ። ከረጢት ውስጥ አልከተውም። ለሚወስዱት ሰዎች «ይሄ ምላጭ ነው» ብዬ በእጃቸው እሰጣለሁ።